የፈታኋቸው ቋጠሮዎች

ቀትር ላይ በመጋላ ሰፈር በኩል ማለፍ ከተውኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ባጃጅ ስይዝ እንኳ ሹፌሩን በሌላ መንገድ ዙርልኝ እለዋለሁ። በዚህ ሙቀት መንገድ የሚያስረዝም ምን ዓይነት እብድ ነው ብሎ በመስታወቱ ያየኛል። ይየኝ። በዚያ ሰዓት ድሬዳዋ በሯን ዘግታ ትተኛለች፤ ያልተኛው ጫት ይዞ በርጫ ላይ ነው። መንገዱ ጸጥ ሲል ነው ያ ድምፅ የሚመጣብኝ፦ ምላስ ከላንቃ ሲላቀቅ የሚሰማው አጭር «ጭ»። አጎቴ ጨርቅ ተጣሞ ሲቀደድ ያሰማው የነበረ ድምፅ ነው። አጎቴ ደግሞ ሞቷል፤ መቃብሩ ውስጥ ገብቼ አስከሬኑን የተቀበልኩት እኔ ራሴ ነኝ።

የእናቴ ወንድም ነበር። እኛ ቤት የሚነገረው ሶማሊኛ ነው፤ በሶማሊኛ ደግሞ የእናት ወንድምና የእህት ልጅ የሚጠራሩት በአንድ ቃል ነው፣ አብቲ። እሱ «አብቲ» ይለኛል፣ እኔም «አብቲ» እለዋለሁ፤ ልጅ ሆኜ ማን የማን አጎት እንደሆነ ግራ ይገባኝ ነበር። መጋላ ውስጥ ሽርጥና ሻሽ ሲሸጥ ዕድሜው አለቀ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር አልሰማሁም፤ ቁጣው ሁሉ በዚያች «ጭ» ውስጥ ነበር። ልጅ አልወለደም።

ሊሞት ሳምንት ሲቀረው ሁለት ሽማግሌዎች አስጠርቶ በእነሱ ፊት «ወሲዬ አንተ ነህ» አለኝ። ወሲይ ኑዛዜ አስፈጻሚ ነው። የሟችን ንብረት ይሰበስባል፣ ያጣራል፣ የሰው የሆነውን ለሰው ይመልሳል፣ ከዚያ የቀረውን ለወራሽ ያስረክባል። ወራሾቹ ሚስቱና መልካ ጀብዱ የሚኖረው፣ የጭነት መኪና ያለው ወንድሙ ነበሩ። እኔ የእህት ልጅ ነኝና በሸሪዓው ከእነሱ ጋር ድርሻ የለኝም፤ የማይወርስ ሰው እጁ አይንቀጠቀጥም ብሎ አስቦ ይሆናል። «አማናዎቹን ጠብቅ» አለኝ በመጨረሻ። «እሺ አብቲ» አልኩት። ምን ማለቱ እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩም። ከዘመድ ሁሉ እኔን መምረጡ ኩራት አሳድሮብኝ ነበር፤ አልዋሽም።

«አማና» ያለው የሰው አደራ ነው። ጅቡቲ የሚሄድ፣ ሐጅ የሚወጣ፣ ቤት የሚቀይር፣ ከባሏ የምትደብቀው ያላት፣ ሁሉም የሚሳሳለትን ነገር በጨርቅ ቋጥሮ አጎቴ ጋ ያስቀምጣል። እሱ ደረሰኝ አይሰጥም፣ ስም አይጽፍም፣ ምን እንዳለበትም አይጠይቅም። «ወረቀት ካወጣሁ ሌባ ነኝ ብዬ ጀመርኩ ማለት ነው» ይላል። ሱቁ ጀርባ ካለው የብረት ሳጥን ውስጥ ይከታቸዋል፣ በቃ። ሲሞት ዕዳ አልነበረበትም፤ የነበሩበት በዚያ ሳጥን ውስጥ የተቀመጡ አሥራ አንድ ጥቅሎች ነበሩ።

አሁን የእኔን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ትራንዚተር ነበርኩ፤ የነጋዴ ዕቃ ከጉምሩክ አስወጣለሁ። በእኔ ሥራ ያልተከፈተ ዕቃ የለም፣ ያልተጻፈ ዕቃም የለም። እናም በተቀበረ በአራተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ሲሳሳ፣ ወደ ሳጥኑ ሄድኩ። ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አነጠፍኩ። አንድ በአንድ አወጣኋቸውና ፈታኋቸው። አንዳንዱ ቋጠሮ ቢያስቸግረኝ በጥርሴ ፈታሁት። ውስጡ የነበረውን በተራ ቁጥር ጻፍኩ፤ ቀለበት ሲሆን ቀለበት፣ የቤት ካርታ ሲሆን ካርታ። ዕቃውን ቁጥር በለጠፍኩበት ፖስታ ውስጥ አሸግሁ፤ መጠቅለያ ጨርቁን ሁሉ ጠቅጥቄ ጆንያ ውስጥ ከተትኩ። ዝርዝሩ እንዲህ አምሮ ወጥቶ አያውቅም፤ በሥራዬ እንኳ እንዲያ ያለ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን አስገብቼ አላውቅም። ይዤው ወደ ጓዳ ገባሁ፣ የአጎቴ ሚስት እንድታመሰግነኝ።

እሷ ኢዳ ላይ ነበረች፤ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤት አትወጣም። ወረቀቱን አላነበበችውም። ከኋላዬ የተቀመጠውን ጆንያ ነው ያየችው።

«ፈታሃቸው?» አለች።

«አዎ ኤዶ። አሥራ አንዱንም» አልኳት፤ የአጎቴን ሚስት የምጠራት ኤዶ ብዬ ነው።

ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። «ወላሂ ቤታችንን አፈረስከው» አለች። «የሰውየው ምስክር እኮ ቋጠሮው ነበር!»

ያን ጊዜ ነው የነገረችኝ። ሰው ሲያስቀምጥ በራሱ ጨርቅ፣ በራሱ እጅ ነው የሚቋጥረው። አንዱ ሁለት ጊዜ ጠምዝዞ ጫፉን ወደ ውስጥ ይመልሳል፣ አንዷ ከሻሿ ክር መዛ በላዩ ታስራለች። ሊወስድ ሲመጣ አጎቴ የሚጠይቀው ውስጡን አይደለም። «ቋጠሮህ እንዴት ነው?» ይላል፤ ሰውየውም ይናገራል፣ ወይም መሐረብ ይሰጠውና ቋጥሮ ያሳያል። የውስጡ ምስጢር ሳይነካ ይወጣል። በመላው መጋላ ይህን የማያውቅ ሽማግሌ አልነበረም። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ማዶ ከዚራ ሰፈር ተቀምጬ፣ ከሰው ቃል ይልቅ ማኅተም ማመን ስለለመድኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ግን የሚለቀም ነገር እንኳ አልተውኩም።

ለሁለቱም መፍራት ነበረብኝ፣ ለሟቹም ለሚስቱም። አማና ያልመለሰ ሰው ነፍሱ ተንጠልጥላ ትቆያለች ይላሉ ሽማግሌዎቻችን። ሚስቱ ደግሞ የምትኖረው ከሱቁ ጀርባ ባለው ክፍል ነው። አማናው ካልተመለሰ ንብረቱ አይከፈልም፣ ንብረቱ ካልተከፈለ ድርሻዋ አይለይም፣ ድርሻዋ ካልተለየ ኢዳዋ ሲያልቅ የት እንደምትገባ አታውቅም።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ በመስጊዱ አስነገርን፤ ከሟች ጋ አማና ያለው ይምጣ ተባለ። መጡ። የገረመኝ አለማልቀሳቸው ነው፤ የሚያለቅሱት ቋጠሮውን መፍታቴን ስነግራቸው ነው። አንዱ የመኪና ሹፌር ቋጠሮውን በአየር ላይ በጣቶቹ እየሠራ ሊያሳየኝ ሲጀምር አቋረጥኩትና «ፈትቼዋለሁ፣ ውስጡ ምን ነበር?» አልኩት። ጣቶቹ አየር ላይ ቀሩ። «እንዴ አቦ» አለኝ፣ «ለአንተ ልናገር?» ተናገረ ግን፤ ምን ያድርግ። አንዲት የተከበረች ባለሱቅ ከጥቅሏ ውስጥ የነበረውን ለመናገር ፊቷ ደም መሰለ፤ ከሃያ ዓመት በፊት ባሏ ያልሆነ ሰው የጻፈላት ደብዳቤ ነበር። እኔ አንብቤዋለሁ፣ ሁለት ገጽ ብዬ መዝግቤዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ቀፊራ ገበያ ካየችኝ መንገድ ትቀይራለች። አሥሩን እንዲህ አዋርጄ መለስኩ።

በእነዚያ ሳምንታት ነው «ጭ» የጀመረችው። ቀትር ላይ ሱቁን ከፊል ዘግቼ ባለቤት ስጠብቅ፣ የአጎቴ የመለኪያ እንጨት ግድግዳው ላይ ተደግፎ፣ አዲስ ጨርቅ ሽታው አፍንጫዬን ሞልቶ ሳለ፣ ከኋላዬ፣ ከሳጥኑ በኩል፣ «ጭ»። ዞር እላለሁ። ማንም የለም። ቆርቆሮው በሙቀት እየተላቀቀ ነው ብዬ ራሴን ላሳምን ሞከርኩ። ግን ቆርቆሮ ጣቴ ወደ ጆንያው በሄደ ቁጥር ብቻ አይጮህም። አንድ ቀን ከጆንያው ጨርቅ አውጥቼ፣ የትኛው ቋጠሮ የት እንደነበረ ከጨርቁ ጭምድድ ላገኝ ስታገል ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ሰማሁት። ፈራሁ። ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ ፈራሁ።

የቀረው ሰባተኛው ጥቅል ነበር። በአረንጓዴ መስመር ሽርጥ ቁራጭ ተጠቅልሎ የነበረ፣ ሦስት ትንንሽ ነገሮች የያዘ። ባለቤቱ አልመጣም። ለአጎቴ ሚስት ጨርቁን ሳሳያት ወዲያው አወቀችው።

«የመጣች እንደሆነ ይህችን ምን ልትላት ነው?» አለችኝ።

የአንዲት አሮጊት ነበር፤ እዚያው መጋላ ሦስት መንገድ አልፎ የምትኖር። አንድ ልጅ ነበራት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ታህሪብ ወጣ፣ ባሕር ሊሻገር። ሲሄድ የገዛ ሽርጡን ቀዶ አንድ ነገር ቋጠረላትና «እስክመለስ እንዳትፈቺው» አላት። ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። እሷ ጥቅሉን ወደ አጎቴ አመጣችው፤ «እጄን ስለማላምነው ነው፣ እቤት ካለ እፈታዋለሁ» ብላ። ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች፤ አጎቴ ከሳጥኑ አውጥቶ ጭኗ ላይ ያስቀምጥላታል፣ ቋጠሮውን በጣቷ ትዳስሳለች፣ የቁርአኑን ፋቲሃ ትቀራለች፣ ትመልስለታለች። ዘጠኝ ዓመት። አጎቴ ሲሞት ጅግጅጋ ዘመዶቿ ጋ ታማ ተኝታ ነበርና ሞቱን እንኳ የሰማችው ዘግይታ ነው።

መንገር ነበረብኝ። መንገር ትቼ ሳይቸግረኝ ጤፍ ተበደርኩ፤ ልቋጥረው ወሰንኩ። የአጎቴ ሚስት «ተው» አለችኝ። አልተውኩም። ሦስቱን ነገሮች በአረንጓዴው ጨርቅ መልሼ ጠቀለልኩ፤ ጨርቁ ላይ የቀረውን የዘጠኝ ዓመት ጭምድድ እየተከተልኩ ቋጠርኩት፣ ፈታሁት፣ ደግሜ ቋጠርኩት። ሲያልቅ ያው መሰለኝ። ሳጥኑ ውስጥ መለስኩት።

ተሽሏት ከጅግጅጋ ተመልሳ ሐሙስ መጣች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዓይኗ ሞራ የጀመረው ሴት። ስለ አጎቴ አለቀሰች፣ እጄን ይዛ ዱዓ አደረገችልኝ። ከዚያ የለመደችው ወንበር ላይ ተቀመጠችና ሁለት መዳፏን ጭኗ ላይ ዘርግታ ጠበቀች። አውጥቼ አስቀመጥኩላት።

ጣቷ ቋጠሮው ላይ አረፈ። አፏ ፋቲሃውን ጀምሮ ነበር። ቆመ። ጣቷ ዞረ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ዞረ። ሱቁ ውስጥ የምገባበት ጠፋኝ።

«ይኼ የቀኝ እጅ ነው» አለች። «የኔ ልጅ ግራኝ ነው።»

ተናዘዝኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሳጥኑን፣ ዝርዝሩን፣ መልሼ መቋጠሬን። አልጮኸችብኝም። የልጇ እጅ በዚህ ዓለም ላይ የተወላት አንድ ሥራ ያ ቋጠሮ ነበር፤ እሱን በጥርሴ ፈትቼዋለሁ። ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠችና ተነሳች።

«ውስጡን ልንገርሽ ሆዮ?» አልኳት። ሆዮ ማለት እናቴ ነው።

«ዝም በል» አለች። «አጎትህን አጣራ ተባልክ። ልጄን አጣራ ማን አለህ?»

ወጣች። ጥቅሉን አልወሰደችም።

በሳምንቱ በሸሪዓ ዳኛው፣ በቃዲው ፊት ቀረብን። የአጎቴ ወንድም ከመልካ ጀብዱ መኪናውን አቁሞ መጥቷል፤ ሱቁን የሚከራይ ሰው አግኝቶ ነበርና ቸኩሏል። «ወርያ፣ ስማ፣ ደጃፏ ላይ ጣልላትና ፈርም» አለኝ በጆሮዬ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሞት ያደከመው ሰው ነው። ቃዲው ግን ዝርዝሬን እስከ መጨረሻው አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። «አማና ባለቤቱ እጅ ካልገባ አልተመለሰም» አሉ። «ተቀብያለሁ ካላለች ሟቹም አንተም አልተፈታችሁም። ሂድና ለምናት።» ሌላ ተግሣጽ አልጨመሩም። ቢጨምሩ ይቀለኝ ነበር።

በማግስቱ ሄድኩ፤ ቀትር ላይ፣ ሌላ ሰው እንዳያየኝ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ግድግዳው የዋለበትን ፀሐይ መልሶ ይተፋል። ጥቅሉን በብብቴ ይዣለሁ፤ አስሬው አልነበረም፣ ዳግመኛ ለማሰር ድፍረቱ ስላልነበረኝ ዝም ብዬ ነው የጠቀለልኩት። አጎቴ ከኋላዬ እየመጣ እንደሆነ ይሰማኝ ነበር። ዘወር ብዬ አላየሁም፤ ቢኖርም ባይኖርም ለእኔ ያው ነበር። ሱቁንም ክፍፍሉንም ረስቻለሁ፤ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፣ ያቺ ሴት ለአጎቴ ስትል አፏን እንድትከፍት።

አንኳኳሁ። እኔን ስታይ ወደ ውጭ ወጣችና ጎረቤት ቤቷን እንዳያይባት በሩን ከኋላዋ ሳበችው። ጥላ ውስጥ ቆምን።

«ሆዮ፣ እኔን አትማሪኝ» አልኳት። «እሱን ግን ልቀቂው። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀልሽ እሱ ነው፤ የበደለሽ እኔ ነኝ።»

እጇን ዘረጋች። ሰጠኋት። ጥቅሉን ደረቷ ላይ አስጠጋችው፣ አልዳሰሰችውም።

«ተቀብያለሁ» አለች። «ለቃዲው ንገር። አጎትህ ከኔ ነፃ ነው፤ አላህ ይርሀመው።»

ማልቀስ ጀመርኩ። የአጎቴ ሚስት ድርሻዋ ተለይቶ ክፍሏ ውስጥ ልትቀር ነው፤ አጎቴም አርፏል። እሷ ግን ጥቅሉን መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«አሁን ደግሞ እኔ ነኝ የሰጠሁህ። ይኼ የአጎትህ አይደለም፣ ያንተ አማና ነው። ያየኸውን ለማንም አትናገር፣ ለኔም። ልጄ ሲመጣ እሱ ራሱ ይነግረኛል።»

«እሺ ሆዮ» አልኩ።

ልትገባ ዞረች። በሩ የድሮ ነው፤ ከተሳበ ያለ ቁልፍ አይከፈትም። አንገቷ ላይ በክር ካንጠለጠለችው ቁልፍ ጋር ትታገል ጀመር። መቆለፊያው ዝጓል፣ በሩም ከማጠፊያው ወደ ታች ወርዷል። ቁልፉ ግማሽ ዞሮ ይቆማል፤ ታወጣዋለች፣ በምራቋ ታርሰዋለች፣ እንደገና ትሞክራለች። የምክስበት መንገድ ያገኘሁ መሰለኝ።

«ዛሬውኑ ባለሙያ ልኬ መቆለፊያውን ላስቀይርልሽ» አልኳት።

ደንግጣ በጀርባዋ በሩን ሸፈነችው። «እንዳትነካው!» አለች። «ልጄ ቁልፉን ይዞ ነው የሄደው። ብቀይረው በምን ይገባል? ቀፊራ ብሆንበትስ? ሞቼ ቢመጣስ?»

በዝርዝሬ ሰባተኛው ረድፍ ላይ በገዛ እጄ የጻፍኩት ይህ ነበር፦ አንድ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ አንድ የተማሪ መታወቂያ፣ አንድ የበር ቁልፍ። ያን ሁሉ ሳምንት የየት ቁልፍ ነው ብዬ አላሰብኩም። አሁን በእጇ ያለውን አየሁ፤ ጥርሱ በጥቅሉ ውስጥ ካለው ጋር አንድ ነው። ሊመለስ ያሰበ ልጅ የእናቱን ቤት ቁልፍ ቋጥሮ ትቶ አይሄድም። ይህን የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነን፣ እሱም በሕይወት ካለ። ጥቅሉን ይበልጥ ወደ ብብቴ አስገባሁት፤ ቁልፉ በጨርቁ ውስጥ ጎኔን ወጋኝ።

«ከመቆም በሩን ከፍ አድርገህ ያዝልኝ» አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ከፍ አደረግኩት። ቁልፏን ሁለት ጊዜ አዞረችው፤ ተከፈተ። ወደ እኔ ዞረች፤ ፊቷ በርቶ ነበር።

«አየህ?» አለች። «ገና ይሠራል።»